ልታርስ ሄዳ ታርሳ የመጣችው ፈሪዳ

ሲያትል ዳር ባለችው ቱክዊላ ፈሪዳን የማያውቅ ሐበሻ ጥቂት ነው። ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ ሲያትል ከገባች ሃያ ዓመት ያለፋት፣ አጠር ደልደል ያለች፣ ስትራመድ ማንም የማይደርስባት ሴት ናት። ሥራዋ ሆም ኬር ነው። ጠዋት ፌደራል ዌይ ሄዳ አንዲት አሮጊት ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ቁርስ ታበላለች፤ ከሰዓት ደግሞ ሌላ ቤት ሌላ ሽማግሌ ይጠብቃታል። ባሏ ዓብዱልፈታህ ሲታክ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል።

እኔና እሷ አንድ አፓርትመንት ነን፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ነገር አስተውያለሁ። ፈሪዳ ለሰው ትደርሳለች እንጂ ሰው እንዲደርስላት አትወድም። ሲያማት በሯን ዘግታ "ኦኬ ነኝ፣ ኦኬ ነኝ" ትላለች። አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሏት ሾርባ ይዤላት ብወጣ፣ በማግስቱ ድስቴን በሩዝና በሥጋ ሞልታ፣ ራሷ እየሳለች፣ ደረጃውን ወርዳ አመጣችልኝ። ተናደድኩባት። እሷ ግን ዕዳዋን የከፈለች ያህል ቀለል ብሏት ነው የተመለሰችው።

ያላቸው አንድ ልጅ ሰሀር ናት። ሰሀር እዚሁ አድጋ፣ እዚሁ ተምራ፣ ሂሻም የሚባል ጭምት ልጅ አገባች። ሂሻም የኮምፒውተር ቺፕ የሚያመርት ድርጅት መሐንዲስ ስለሆነ ሥራው ወደ ታይዋን ወሰዳቸው፤ ካውሹንግ ወደምትባል የደቡብ ወደብ ከተማ። ፈሪዳ ስሙ አፏ ላይ እስኪገባላት ድረስ "ያቺ ካው" ነበር የምትላት።

ሰሀር መውለጃዋ ሲቃረብ እናቷ ልምጣ አለች።

"ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ። አትቸገሪ፤ እዚህ ሁሉም ነገር አለ" አለቻት ሰሀር በስልክ።

"እናት አለ?"

በዚያው ሳምንት ትኬት ተቆረጠ። ለአጥሚት የሚሆን እህል ተቆልቶ ተፈጨ፤ የገብስ ዱቄት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በርበሬ ሻንጣ ውስጥ ገባ። ፈሪዳ በዕድሜዋ የምታውቃቸው ከተሞች ደሴ፣ አዲስ አበባና ሲያትል ናቸው፤ አራተኛዋን ልታይ ግንቦት መጨረሻ ላይ ሄደች።

የመጀመሪያው ሳምንት ያለፈው በመገረም ነው። ሰሀር ገና አልወለደችም፤ ሂሻም ሥራ ይውላል፤ ፈሪዳ ሰፈሩን ትዞራለች። በየማለዳው ለዓብዱልፈታህ ትደውልና ያየችውን ታወራለታለች። እዚያ ሲነጋ እዚህ ገና የትናንቱ ከሰዓት ነው፤ እሱ ኤርፖርት ወረፋ ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ያዳምጣል።

"ቀይ መብራት ላይ ስኩተሩ ሁሉ ከፊት ይሰለፋል። ሴቱ፣ ወንዱ፣ ቀሚስ የለበሰችው፣ ውሻ የጫነው። አረንጓዴ ሲበራ እንደ ንብ መንጋ ነው የሚነሱት።"

"ተጠንቀቂ።"

"ባቡር ውስጥ ደግሞ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር የተለየ ሰማያዊ ወንበር አለ። ባቡሩ ጢም ብሎ፣ ሰው ቆሞ፣ ማንም አይቀመጥበትም።"

"ማንም?"

"ማንም። ትናንት ደግሞ ካፌ ገብቼ፣ አንዷ ልጅ ቦታ ለመያዝ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታ ልታዝ ሄደች።"

"ስልኳን? ውሸት!"

"ወላሂ! እኔ ነኝ ስጠብቅላት የቆየሁት።"

አንድ ምሽት፣ እራት ሊቀርብ ሲል፣ ከመንገድ ላይ ደወል የመሰለ ጣፋጭ ዜማ ተሰማ። ፈሪዳ ታውቀዋለች፤ በበጋ ቱክዊላ ግቢያችን የሚመጣው የአይስክሬም መኪና ልክ እንደዚህ ነው የሚዘፍነው። ለልጇ ልግዛላት ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሊፍት ወረደች። ውጭ ስትደርስ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወጥቷል፤ ሁሉም ግን የያዘው የቆሻሻ ከረጢት ነው። መኪናው ቢጫ፣ ትልቅ፣ የቆሻሻ መኪና። ሰው በተራው እየወረወረ ጎረቤቱን ሰላም ይላል። ፈሪዳ ቦርሳዋን እንደያዘች መሃል ላይ ደርቃ ቀረች።

አንዲት ሻሽ ያሰረች፣ ቀጭን፣ ጠይም ሴት አይታት ሳቀች። "አይስክሬም?" አለቻት።

ፈሪዳም ሳቋ መጣ። "አይስክሬም" አለች።

"እኔም ስመጣ እንዳንቺ ነበርኩ" አለች ሴትዮዋ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ቀጥላም "አሰላሙ አለይኩም።"

ያንቲ ትባላለች። ኢንዶኔዥያዊት ናት፤ ልጇን ጃዋ ገጠር ትታ መጥታ የፈሪዳ ልጅ በር አጠገብ ካለው ቤት አንዲት አሮጊት ትጠብቃለች። ፈሪዳ ይህን ስትሰማ እጇን ያዘቻት። "እኔም! እኔም ሲያትል ሥራዬ ይሄው ነው!" አለቻት። ያንቲ መጀመሪያ አላመነችም። አሜሪካ የምትኖር ሴት የሰው ገላ ታጥባለች ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት ከሰዓት ወደ ሰፈሩ መናፈሻ አብረው መሄድ ጀመሩ። ግዙፍ ዛፎች ሥር፣ ጥላው ላይ፣ ዊልቸሮች ተደርድረው ይቆማሉ፤ በየዊልቸሩ አንድ ሽማግሌ፣ ከኋላው አንዲት ኢንዶኔዥያዊት። ሽማግሌዎቹ ያንቀላፋሉ፤ ሴቶቹ ያወራሉ፣ ፍራፍሬ ይካፈላሉ። የያንቲን አሮጊት ሁሉም "አማ" ነው የሚላት፤ በአገሩ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ፈሪዳ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ወሎ ልጅ እናቱን "እማ" ብሎ ነው የሚጠራው፤ እሷም በራሷ አፍ "እማ" ትላት ጀመር፣ አሮጊቷም አቤት ትላለች። ያንቲ ደግሞ ፈሪዳን "ኢቡ" አለቻት፤ በእነሱ አገር ታላቅ ሴት እናቴ ተብላ ነው የምትጠራው።

ሰሀር በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት፤ ሲድራ ተባለች።

ከሆስፒታል ቤት በገቡ ማግስት ግን እናትና ልጅ ተጣሉ። ውጭው ሙቀት ያፍናል፤ ሰሀር ኤሲውን ለቅቃ፣ በረዶ ያለበት ውሃ ይዛ ሶፋ ላይ ተቀመጠች።

"አንቺ ልጅ፣ አራስ ነሽ! ነፋስ ይመታሻል!"

"ማሚ፣ ነፋስ ሰው አይመታም። ሳይንስ አይደለም።"

"እሺ፣ ውሃው ይሙቅ ቢያንስ።"

"ማሚ፣ ፕሊስ!"

ፈሪዳ ወደ ኩሽና ገብታ አጥሚቷን እያማሰለች ዓይኗን ጠረገች። ይህን ያህል ባሕር አቋርጣ መጥታ ልጇ የምትፈልገው ነገር እጇ ላይ የለም። ያኔ በሩ ተንኳኳ። አማ ናት፣ በዊልቸሯ፤ ያንቲ ከኋላዋ ትገፋለች። ሕፃኗን አይታ እንኳን ደስ አላችሁ ልትል ነው የመጣችው። ደፉን ተሻግራ የኤሲው ቅዝቃዜ ሲነካት ግን ፊቷ ተለዋወጠ። በቀጭን ጣቷ ኤሲውን እያሳየች፣ ቀጥላ በረዶውን እያሳየች፣ በራሷ ቋንቋ መጮህ ጀመረች።

"ምን አለች?" አለች ሰሀር ደንግጣ።

ያንቲ ሳቋን እየዋጠች ተረጎመች። "ዝጊው ትላለች። የወለደች ሴት ሙሉ ወር ነፋስ አይንካት፣ ቀዝቃዛ አትጠጣ፣ ፀጉሯን እንኳ አትታጠብ ትላለች። ይቺ ልጅ እናት የላትም ወይ ትላለች።"

ፈሪዳ ማማሰያውን እንደያዘች ከኩሽና ብቅ አለች። ሁለቱ አሮጊቶች፣ ማለቴ አሮጊቷና ፈሪዳ፣ ተያዩ። ፈሪዳ በአማርኛ "እኮ! እኮ በይልኝ!" አለች። አማ በቻይንኛዋ መለሰች። ሁለቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ በአንድ ላይ ያወራሉ፤ አንዳቸው የሌላቸውን ቃል አያውቁም፣ የሚሉት ግን አንድ ነው። ሰሀር መጀመሪያ አፏን ከፍታ አየቻቸው፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስፌቱ እያመማት ሳቀች። ኤሲውን ቀነሰችው፤ አጥሚቱንም ጠጣች።

በማግስቱ አማ ለአራሷ ዶሮ በሰሊጥ ዘይትና በዝንጅብል ይሠራላት አለች፤ እዚያ አገር ያለዚያ አራስ አትነሳም። እነሱ የሩዝ አረቄ ይጨምሩበታል። ያንቲ ግን ሐላል ዶሮ የሚሸጥበትን ስለምታውቅ አረቄውን ትታ ለሰሀር ሠራችላት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት አጥሚት፣ ማታ የዶሮ ሾርባ ሆነ፤ ፈሪዳም ሾርባውን ተማረች።

ዝንጅብል ልትገዛ የወጣች ቀን ነው ነገሩ የደረሰባት። የዝናብ ወቅት ነው። እዚያ አገር የሱቆቹ በረንዳ ተያይዞ ነው የሚሄደው፤ ሰው ዝናብና ፀሐይ ሳይነካው በበረንዳው ሥር ይራመዳል። ግን እያንዳንዱ ባለሱቅ የራሱን ወለል ስለሚሠራ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል፤ አንዳንዱ የሚያንሸራትት ሸክላ ነው። ፈሪዳ እንደ ልማዷ ፈጥና ስትራመድ እርጥቡ ሸክላ ላይ እግሯ ከዳት። በቀኝ እጇ ተደገፈች፤ እጇ አንጓው ላይ ሲሰበር ድምፁን ሰማችው።

"ኦኬ ነኝ፣ ኦኬ ነኝ" አለች፤ ለማን እንደምትል ሳታውቅ። ልትነሳ ሞከረች፣ አልቻለችም።

በስኩተር የሚያልፍ አንድ ሰው መንገዱ ዳር ፓርክ አድርጎ መጣ። ዝናቡ ከጎን ይገባ ስለነበር ዣንጥላ ገዝቶ ራሷ ላይ ዘርግቶ ቆመ። ባለሱቋ በርጩማ አወጣችላት፤ እጇን የምታሳርፍበት ፎጣ አጥፋ ሰጠቻት። አንዲት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ "አንቲ፣ ለማን ልደውል?" አለቻት። የተበተነውን ዝንጅብል አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ለቅሞ ከረጢቷ ውስጥ ጨመረላት። አምቡላንሱ እስኪመጣ ማንም አልሄደም። ባለዣንጥላው ሰውዬ ግማሽ ጎኑ እየረጠበ ነበር። ፈሪዳ ላመስግነው ብላ በአማርኛ "አላህ ይስጥህ" አለችው፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ።

ከሆስፒታል የተመለሰችው ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በጀሶ ታስሮ ነው። ሂሻም በሩን ከፍቶ "ይቀመጡ፣ እማማ፣ ምንም እንዳይነኩ" አላት። ልጇን ልታርስ የመጣች ሴት ራሷ ጠባቂ የሚያስፈልጋት ሆነች። ማንኪያ አትይዝ፣ ሻሿን አታስር፣ ከሁሉም በላይ ሲድራን ማቀፍ አትችል። ለባሏ ደውላ "እንዲያው ሸክም ልሆንባቸው ነው የመጣሁት" ብላ አለቀሰች።

ዓብዱልፈታህ ግን "አንቺ ስንት ሰው ነው የምታጥቢው?" አላት። "እነሱ ሸክም ናቸው?"



ከሁለት ቀን በኋላ ሰሀር ፕላስቲክ ከረጢትና ፎጣ ይዛ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆመች።

"ማሚ፣ ነይ። ፀጉርሽን ላጥብሽ።"

"አራስ ነሽ እኮ! ውሃ እንዳትነኪ!"

"ሙቅ ነው። አማም ሙቅ ከሆነ ግድ የለም ብላለች፤ ጠይቄያለሁ።"

"ያንቲ ታጥበኛለች።"

"እኔ ነኝ የማጥብሽ" አለች ሰሀር። ቀጥላ ድምፏ ተሰበረ። "ማሚ፣ ሃይስኩል እያለሁ ኦፕሬሽን ያደረግሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ለእኔ ሳትነግሪኝ ሄደሽ በባስ ተመለስሽ። በባስ! እኔ ያወቅሁት መድኃኒቱን ሳይ ነው።"

"እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።"

"አይ ኖው። ግን እኔ መጨነቅ እፈልግ ነበር። ልጅሽ ነኝ። ሁሌ ትሰጪኛለሽ፣ አንድ ነገር ልስጥሽ ስል ኦኬ ነኝ ትያለሽ። ሶ፣ አንቺም እንደማትፈልጊኝ ነበር የሚመስለኝ።"

ፈሪዳ መታጠቢያ ቤቱ ገብታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ የታሰረውን እጇን ጭኗ ላይ አደረገች፤ አንገቷን ወደ ኋላ ጣለች። የሰሀር ጣቶች መጀመሪያ ፈራ ተባ አሉ፣ ኋላ በረቱ። ውሃው ለብ ያለ ነው። ከደሴ ከወጣች ወዲህ ራሷን ሌላ ሰው አጥቧት አያውቅም። ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ ከውሃው ጋር ስለወረደ ሰሀር አላየችውም፣ ወይም አይታ ማጠቡን ቀጠለች።

ያንቲ በኋላ መጥታ ሻሿን ስታስርላት "ኢቡ፣ አማም እንዳንቺ ነበረች" አለቻት። "መጀመሪያ ላጥባት ስል በጥፊ ትለኝ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"አንድ ቀን ደከማትና ተወችኝ። ከዚያ ወዲያ ተዋደድን።"

ፈሪዳ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልታገለችም። ሰሀር ታጎርሳታለች፣ ትጎርሳለች። ሁለቱ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተደግፈው ከአንድ ሰሃን ሲበሉ ሂሻም አይቶ "ሁለት አራስ አለብኝ" ይላል። ሲድራን ሰሀር ደግፋ የፈሪዳ ግራ ክንድ ላይ ታስቀምጥላታለች። በእነዚያ ረጃጅም ከሰዓቶች፣ ዝናቡ መስኮቱን ሲመታ፣ እናትና ልጅ በሃያ ዓመት ያላወሩትን አወሩ።

አረፋ ሲደርስ ያንቲ ጭንቅ ብሏት ነበር። ጓደኞቿ በሙሉ ዒዱን ሊሰግዱ ይሰባሰባሉ፤ እሷ ግን አማን ለማን ጥላ ትሂድ? ያለፈውንም ዒድ ያሳለፈችው ኩሽና ውስጥ ነው። ፈሪዳ ሰማችና የአማን ሴት ልጅ በሰሀር በኩል አስጠየቀች፤ እኔ ልቀመጥላት፣ አንድ እጅ ቢቀረኝም ሥራውን አውቀዋለሁ፣ ከበደኝ ደግሞ ሂሻም በር ለበር አለ። ልጅቷ እሺ አለች። ያንቲ ስትሰማ ተንደርድራ ፈሪዳን አቀፈቻት፤ ጀሶው ውስጥ ያለው እጇ እስኪያማት ድረስ።

"አንቺስ ኢቡ? ሰላትሽስ?"

"እኔ ዘንድሮ ሰላቴ እዚህ ነው" አለቻት።

ያንቲ አረንጓዴ ልብሷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀባ አድርጋ ስትወጣ አማ ሳይቀር አጨበጨበችላት። ፈሪዳም የዒድ ቀሚሷን ለብሳ ከአማ ጎን ተቀመጠች። የወራት ያህል ዝናብ የወረደበት ሰማይ ያን ቀን ተገልጦ በረንዳው ላይ ፀሐይ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ሊቺ አለ፤ ቆዳው ቀይና ሻካራ፣ ውስጡ ነጭ፣ ውሃ የሞላው ፍሬ ነው። በአንድ እጅ አይላጥም። ፈሪዳ ዝም ብላ ታየዋለች። አማ አየቻት። አንዱን አነሳች፤ በጥፍሯ ጫፍ ቆዳውን ቀስ ብላ ላጠችው፤ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ወደ ፈሪዳ አፍ ዘረጋችው።

ፈሪዳ በሥራዋ ስንት አዛውንት አጉርሳለች። ከእነሱ መሃል እሷን ያጎረሰ አልነበረም። አፏን ከፈተች። ውሃው በአገጯ ወረደ፤ አማ በራሷ መሐረብ ጠረገችላት፣ ሌላ ሊቺም አነሳች። ሳህኑ እስኪያልቅ እንዲህ ቆዩ፤ አንዱን ለፈሪዳ፣ አንዱን ለራሷ። "እስከ ዛሬ" አለችኝ ፈሪዳ በኋላ፣ "ስንት ዒድ አሳልፌአለሁ፣ እንደዚያ አልሐምዱሊላህ ያልኩበት የለም።"

ጀሶው ተፈትቶ፣ ትኬቷ ተራዝሞ፣ ነሐሴ ላይ ተመለሰች። ሾርባ ይዤላት ወጣሁ፤ እንኳን አላህ ማረሽ ልላት። ተቀመጠች፤ በላች፤ ትንሽ ጨው አለችኝ እንጂ አልተግደረደረችም። ድስቴንም እስካሁን አልመለሰችውም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

እጇ በብርድ ይጠዘጥዛታል፣ ከባድ ማንሳትም አትችልም፤ ስለዚህ አሁን ቀለል ያለ ሰዓት ነው የምትሠራው። ሰሀር በየቀኑ ትደውላለች፤ አንዳንዴ አጥሚቱ ለምን እንደጓጎለባት ለመጠየቅ፣ አንዳንዴ ያለ ምክንያት።

ያለፈው ሳምንት ደግሞ የያንቲ የድምፅ መልእክት መጣ። ኮንትራቷ አልቆ አገሯ ገብታለች፤ አማን የያንቲ የአክስት ልጅ ተረክባ እየጠበቀቻት ነው። መልእክቱን ፈሪዳ ባስ ማቆሚያ ላይ አብረን ቆመን አሰማችኝ። ዶሮ ይጮኻል፣ ሰው ይንጫጫል፣ ያንቲ በእንግሊዝኛዋ እየተጣደፈች ታወራለች፤ ትታው ስትሄድ ወገቧ ድረስ የነበረው ልጇ አሁን ከእሷ እኩል ቁመት አለው፤ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ መጀመሪያ አፍሮ ነበር፣ አሁን ግን አጠገቧ ተቀምጦ እየሰማ ነው፤ ሰላም በላት ኢቡን፣ ሰላም በላት። ከዚያ አንድ ጎርነን ያለ የጎረምሳ ድምፅ፣ "አሰላሙ አለይኩም፣ ኢቡ" አለ።

ፈሪዳ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ባሱ መጣ። "የሚቀጥለውን እንያዝ" አለችኝ፤ መልስ ልትልክላቸው ነበር።